ለሰማይ ሲባል የሚደረግ ክርክር



ወደ ቅድስት አገራችን ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ከዚህ ቀደም ያላያችሁትን ብዙ ነገር አይታችኋል፤ ያልሰማችሁትንም ሰምታችኋል። ከእነዚህ አንዱ የአገሩ ሰው የአነጋገር ልማድ ነው። በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ በሥራ ቦታ፣ በጸሎት ቤት ደጃፍ ሳይቀር ሰዎች ስለ መንግሥት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፍርድ ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ታያላችሁ። ቋንቋውን ገና ስላልለመዳችሁት የተጣሉ ይመስላችኋል። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ተጣልተዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ክርክሩ እንዳበቃ ተቃቅፈው ይለያያሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥያቄው ወደ እናንተም ይመጣል። በኡልፓን የምታውቁት ጓደኛ፣ በሥራ ቦታ ያለ አለቃ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀድሞ የመጣ ዘመድ «አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። አዲስ ሰው ለብቻው መቆም ያስፈራዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ሳይረዳ ወደ አንዱ ወገን ይጠጋል፤ ያ ወገን የሚጠላውንም ሁሉ አብሮ መጥላትን ይማራል። ዕብራይስጡን ከመልመዱ በፊት የስድቡን ቃላት ይለምዳል።

ይህ ጽሑፍ ማንን መምረጥ እንደሚገባ ለመምከር የተዘጋጀ አይደለም፤ ያ ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊና የተተወ ነው። ጽሑፉ የሚመረምረው ከዚያ የሚቀድመውን ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ በፖለቲካ አስተሳሰብ ከሚለየን ወንድማችን ጋር መነጋገር ስናቆም የምናጣው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ሊቃውንቶቻችን ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላዩትም። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ የፈረሰበትን ምክንያት ሲመረምሩ የደረሱት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነውና።

ከተወለድንበት አገር ይዘነው የመጣነው

ብዙዎቻችን ከኢትዮጵያ ስንመጣ ሁለት ውርሶችን ይዘን መጥተናል። አንደኛው ዝምታ ነው። ከ1974 እስከ 1991 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደርግ ዘመን፣ ይልቁንም በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ወቅት፣ ስለ መንግሥት በግልጽ የተናገረ ሰው ለሕይወቱ ይሠጋ ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን «ግድግዳም ጆሮ አለው» እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ሰው ሐሳቡን በሆዱ ይዞ መኖርን እንደ ብልኅነት ቆጠረው። በቅርቡም ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ጊዜ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በዘሩ እየለየ ሲፈራ ያዩ ከእናንተ መካከል አሉ። እንዲህ ያለው ዝምታ ከውጭ ሲያዩት ሰላም ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፍርሃት ነው።

ሁለተኛው ውርሳችን ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው። በአባቶቻችን አገር ባላጋሮች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል፤ የተጠየቀውን ሳይመልስ ወደ ሌላ ነገር የሸሸ ሰው በአድማጩ ሁሉ ፊት ያፍራል። ለቀላል ጉዳይ መንገደኛ አስቁመው ዳኛ የሚያደርጉበት ጊዜም ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ቁራኛ የሚባለው ልማድ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ እርስ በርሱ ተቋጥሮ ጎን ለጎን ወደ ዳኛው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ አንዱ እንዳያመልጥ የተደረገ ጥበቃ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አለበት፤ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ያለ ሌላው አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም። ባላጋራህ ቢደክመው አብረኸው ታርፋለህ፤ ውኃ ቢጠማው አብረኸው ትቆማለህ።

በመንደራችንም ጠብ ሲነሣ ሽማግሎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰሙ ነበር። የአንዱን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው፣ ፀጉሩ ቢሸብትም፣ ሽማግሌ አይባልም ነበር። እንግዲህ ወደዚህ አገር ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ከፍርሃት የመጣውን ዝምታ ትተን ሙግቱንና ሽምግልናውን ብንይዝ፣ የእሥራኤል ሊቃውንት ስለ ክርክር ካስተማሩት ትምህርት ጋር እጅግ የሚቀራረብ ሀብት ይዘናል ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት ክርክር

በኢትዮጵያ የነበሩ አባቶቻችን ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ በእምነታቸው ጸንተው ኖረዋል። ሚሽናና ተልሙድ ግን አልደረሷቸውም ነበር። ሚሽና ከዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ በፊት በረቢ ዬሁዳ ሃናሲ የተሰበሰበ የሕግ መጽሐፍ ነው፤ ተልሙድም ከዚያ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት በሚሽና ላይ ያደረጉት ሰፊ ምርምር ነው። ተልሙድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር ሰው የሚገረመው ገጹ ሁሉ በክርክር የተሞላ መሆኑን ሲያይ ነው። አንዱ ረቢ ይፈቅዳል፤ ሌላው ይከለክላል፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ያላገኘውም ረቢ ቃሉ ከነስሙ ተጽፎ ይኖራል። የተሸነፈውን ሐሳብ እንዲህ በክብር የሚያስቀምጥ መጽሐፍ፣ አለመስማማት በራሱ ኃጢአት ነው ብሎ አያምንም።

ይሁን እንጂ ክርክር ሁሉ አንድ አይደለም። ሚሽና ክርክርን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ለሰማይ ሲባል፣ ማለትም ለእግዚአብሔር ክብርና ለእውነት ሲባል የሚደረግ ነው፤ በዕብራይስጥ «ማሕሎኬት ለሼም ሻማይም» ይባላል። ለዚህ ምሳሌ የተደረጉት ሂሌልና ሻማይ ናቸው። ሁለተኛው ለሰማይ ያልሆነ ክርክር ነው፤ ምሳሌውም ቆሬና ማኅበሩ ናቸው። የመጀመሪያው ክርክር ጸንቶ ይኖራል፤ ሁለተኛው ግን አይጸናም ይላል።

የሂሌል ደቀ መዛሙርትና የሻማይ ደቀ መዛሙርት የተከራከሩት በቀላል ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ክርክራቸው በጋብቻ ሕግ ላይ ነበር፤ አንዱ ቤት የፈቀደውን ጋብቻ ሌላው ቤት ይከለክለው ነበር። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሕዝብ ስለሆንን፣ እንዲህ ያለ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባናል። የዘር ሐረግ ጥያቄ የተነሣበት ቤት ከሌላው ቤት ጋር እስከ ልጅ ልጅ ሊቆራረጥ ይችላል። ሚሽና ግን ሁለቱ ቤቶች በዚህ ሁሉ እየተለያዩ እርስ በርስ ከመጋባት እንዳልተከለከሉ ይመሰክራል። አንዱ ወገን ሌላውን የሚያሳስት ነገር እንደማይሠራ፣ የሚያጠራጥር ነገር ቢኖርም ቀድሞ እንደሚያስታውቀው ይተማመኑ ነበር። ክርክራቸው የጸናው እምነታቸው ስላልፈረሰ ነው።

ተልሙድም ስለ እነዚሁ ሁለት ቤቶች እንዲህ ሲል ይተርካል። ለሦስት ዓመታት «ሕጉ እንደ እኛ ነው» እየተባባሉ ከተከራከሩ በኋላ ከሰማይ ድምፅ መጣ፤ የሁለቱም ቃል የሕያው አምላክ ቃል እንደሆነ፣ ሕጉ ግን እንደ ሂሌል ቤት እንዲሆን ተናገረ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ቃል ከሆነ የሂሌል ቤት ለምን ተመረጠ? ሊቃውንቱ የሰጡት መልስ ከሻማይ ቤት ይልቅ አዋቂዎች ነበሩ የሚል አይደለም። ገሮችና ትሑታን ስለ ነበሩ፣ የራሳቸውን ሐሳብ ከማስተማራቸው በፊትም የሻማይን ቤት ሐሳብ አስቀድመው ያስተምሩ ስለ ነበር ነው። የባላጋራውን ቃል በራሱ አፍ በትክክል ማስተማር የሚችል ሰው፣ ያንን ቃል በእርግጥ ሰምቶታል። ከሰማም በኋላ ባይቀበለው፣ አለመቀበሉ ከጥላቻ የመጣ አይደለም።

ቆሬና ማኅበሩስ? ቆሬ በሙሴ ላይ በተነሣ ጊዜ ያቀረበው ቃል መልካም ይመስል ነበር፤ ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ከሆነ እናንተ ስለምን ከሌላው ከፍ ትላላችሁ የሚል ነበር። ሙሴ ግን ዳታንንና አቤሮንን ወደ እርሱ መጥተው እንዲነጋገሩ በጠራቸው ጊዜ፣ አንመጣም ብለው መለሱ። ልብ በሉ፤ ተሟግተው አልተረቱም። ወደ ሙግቱ አልመጡም። ሙሴስ ምን አደረገ? የሕዝቡ ሁሉ መሪ ሆኖ ሳለ ተነሥቶ እነርሱ ወዳሉበት ድንኳን ሄደ። ሊቃውንቱ ከዚህ የተማሩት፣ ሰው ጠብን ይዞ ማቆየት እንደማይገባው ነው። እውነቱ ከእርሱ ጋር የነበረው ሰው መጀመሪያ ተራመደ።

የሬሽ ላኪሽ 24 ጥያቄዎች

በገሊላ ምድር ይኖሩ ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት መካከል ረቢ ዮሐናንና ሬሽ ላኪሽ ይገኛሉ። ሬሽ ላኪሽ ቀድሞ ሽፍታ ነበረ። ረቢ ዮሐናን ከዚያ ሕይወት መልሶ ኦሪትን አስተማረው፤ እህቱንም ዳረለት፤ ከጊዜ በኋላም ሁለቱ የማይለያዩ የትምህርት ባልንጀሮች ሆኑ። አንድ ቀን ሰይፍ፣ ቢላዋና ጦር የመሳሰሉት መሣሪያዎች ሥራቸው ተፈጸመ የሚባለው መቼ ነው በሚለው የመንጻት ሕግ ላይ ተከራከሩ። ረቢ ዮሐናን በክርክሩ መካከል፣ ሽፍታ የሽፍትነት መሣሪያውን ያውቃል የሚል ትርጉም ያለው ቃል ከአፉ አወጣ። ሰውየው ለተናገረው ሐሳብ መልስ በመስጠት ፈንታ፣ ሰውየው ቀድሞ ምን እንደ ነበረ አነሣበት። የእኛ ሰው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚለው ቃሉ ሊመለስ አልቻለም። ሁለቱም ተቀያየሙ፤ ሬሽ ላኪሽም ታሞ ሞተ።

ረቢ ዮሐናን እጅግ አዘነ። ሌሎቹ ሊቃውንት ሊያጽናኑት ፈልገው ረቢ ኤልዓዛር ቤን ፔዳት የተባለ አዋቂ ሰው ላኩለት። ይህም ሰው ረቢ ዮሐናን በተናገረ ቁጥር ያንን የሚደግፍ ማስረጃ ያመጣለት ነበር። ረቢ ዮሐናን ግን በዚህ አልተጽናናም። ሬሽ ላኪሽ አንድ ነገር ስናገር 24 ተቃውሞ ያቀርብልኝ፣ እኔም 24 መልስ እሰጠው ነበር፤ ትምህርቱም በዚህ ይሰፋ ነበር፤ አንተ ግን ልክ መሆኔን ብቻ ትነግረኛለህ፤ ልክ መሆኔን እኔ ራሴ አላውቅምን? እያለ ተናገረው። ከዚያም ልብሱን ቀድዶ ባልንጀራውን እየጠራ ሲያለቅስ አእምሮውን ሳተ፤ በመጨረሻም ሞተ።

ይህ ታሪክ የጥያቄያችንን መልስ ይዟል። ከሚቃወመን ሰው ጋር መነጋገር ስናቆም የምናጣው ያንን ሰው ብቻ አይደለም፤ የራሳችንንም ሐሳብ እናጣለን። ተቃውሞ ያልደረሰበት ሐሳብ እንዳልታረሰ መሬት ነው፤ ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ዘር ግን አያበቅልም። ረቢ ዮሐናን በክርክሩ ሳለ ባልንጀራውን ዝም ማሰኘት ፈልጎ ነበር። ዝም ካሰኘው በኋላ ግን የሚፈልገው ያንን ተቃውሞ እንደ ነበረ ዐወቀ፤ ዕውቀቱም የመጣው ዘግይቶ ነው።

በዘመናችን «ልክ ነህ» የሚለንን ማግኘት ከምን ጊዜም በላይ ቀላል ሆኗል። በዚህ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች፣ የሐሬዲምና የዐረቦች ትምህርት ቤቶች ተለያይተው ስለሚገኙ፣ አንድ ልጅ በአስተሳሰብ ከእርሱ የሚለይ እኩያውን ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያነበው የራሱን ወገን ጋዜጣ ነው፤ የሚመለከተውም የራሱን ወገን ቴሌቪዥን ነው። በእጃችን ያለው ስልክም የወደድነውን ዐይቶ ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ ያቀርብልናል። ሁላችንም በኪሳችን አንድ አንድ ኤልዓዛር ቤን ፔዳት ይዘን እንዞራለን። ሬሽ ላኪሽን የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው።

ንግግር ሲያልቅ

ሊቃውንቶቻችን በ70 ዓመት ስለ ፈረሰው ስለ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ሲናገሩ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ኦሪትን ይማሩ፣ ትእዛዛትንም ይጠብቁ፣ ምጽዋትም ይሰጡ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ታዲያ ስለምን ፈረሰ? በመካከላቸው ያለ ምክንያት መጠላላት ስለ ነበረ ነው ይላሉ። ሮማውያን ከውጭ ኢየሩሳሌምን ከበው ሳሉ፣ በውስጧ ያሉት የእሥራኤል ወገኖች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር።

ከዚያም በፊት፣ የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ከፈረሰ በኋላ፣ የባቢሎን ንጉሥ በምድሪቱ በቀሩት ላይ የአኪቃምን ልጅ ጎዶልያስን ሾመ። የናታንያ ልጅ እስማኤል ይህን ሹመት አልተቀበለም። ወደ ምጽጳ መጥቶ ከጎዶልያስ ጋር በአንድ ማዕድ እንጀራ በላ፤ በዚያው ሳለም ተነሥቶ ገደለው። በዚህ ምክንያት የቀሩት ሰዎች ወደ ግብፅ ሸሹ፤ ምድሪቱም ባዶ ቀረች። በሮሽ ሃሻና ማግስት የምንጾመው የጎዶልያስ ጾም ለዚህ መታሰቢያ ነው። የአንድ ሰው መገደል ቤተ መቅደሱ እንደ ፈረሰበት ቀን ሁሉ ጾም የተሠራለት፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር ያለውን ልዩነት በሰይፍ ስለ ጨረሰው ነው።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በኖቬምበር 4 ቀን 1995 የእሥራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይጻቅ ራቢን በቴል አቪቭ ለሰላም ከተደረገ ሰልፍ ሲወጡ በአንድ አይሁዳዊ ወጣት ጥይት ተገደሉ። በዚያን ጊዜ አገሩ በኦስሎ ስምምነት ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ስምምነቱን የተቃወሙት እጅግ ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ተቃውሞአቸውም መብታቸው ነበር። ነገር ግን ከግድያው በፊት በነበሩት ወራት በአንዳንድ ሰልፎች ላይ «ከሐዲ» የሚል ጩኸት ይሰማ ነበር። ለከሐዲ መልስ የሚሰጠው የለም፤ ከከሐዲ መልስ የሚጠብቅም የለም። ጥይቱን የተኮሰው አንድ ሰው ነው፤ ንግግሩ ያለቀው ግን ከጥይቱ በፊት ነበር።

በ2023 ደግሞ መንግሥት በፍርድ ቤቶች ሥልጣን ላይ ባቀደው ለውጥ ምክንያት አገሩ እንደገና ተከፈለ። ከሻባት መውጫ በኋላ በየሳምንቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ ለተቃውሞ ይሰለፍ ነበር፤ ለውጡን የሚደግፉትም በብዛት ተሰልፈዋል። በፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ከመጋቢት ወር መጨረሻ ጀምሮ የተካሄደው ድርድር በሰኔ ወር ተቋረጠ። በጁላይ 24 ቀን ከሕጎቹ አንዱ በክኔሴት ሲጸድቅ የድምፁ ቁጥር 64 ለ0 ነበር። በክኔሴት 120 መቀመጫዎች አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ በቁጣ አዳራሹን ጥለው ወጥተው ነበር። አንዱ ወገን «አልሰሙንም» ይላል፤ ሌላው «መነጋገር አልፈለጉም» ይላል። ማን ልክ እንደ ነበረ በዚህ ጽሑፍ አንፈርድም። የምናየው ቁጥሩን ነው፤ ዜሮ ማለት ሁሉም ተስማማ ማለት አልነበረም፤ የሚመልስ ሰው በቤቱ አልነበረም ማለት ነው እንጂ። ከሁለት ቀን በኋላ በዋዜማው ምሽት ሕዝቡ ሁሉ፣ የዚህም የዚያም ወገን፣ መሬት ላይ ተቀምጦ በቲሻ ቤአብ ስለ ፈረሰው ቤተ መቅደስ አለቀሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 7 ቀን ጠላት በመጣ ጊዜ ደግሞ፣ በየአደባባዩ ፊት ለፊት ተቃርነው የነበሩ ሰዎች በአንድ ታንክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ንግግር አለ?»

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልናልፈውም አይገባም። «ነገሩ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን የዚያኛው ወገን መንገድ የልጆቼን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ከእርሱ ጋር ተቀምጦ ማውራት ድካም አይደለምን?» የሚል ሰው አለ። ልጁን ለሠራዊት የሰጠ አባት እንዲህ ቢል ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

መልሱ፣ መነጋገር ማለት መስማማት እንዳልሆነ ማወቅ ነው። ሜናሔም ቤጊንና ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ብርቱ ባላጋሮች ነበሩ። በጁን 1948፣ አገሩ በተመሠረተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ «አልታሌና» የተባለች የኢርጉን የጦር መሣሪያ መርከብ በቤን ጉሪዮን ትእዛዝ በመድፍ ተመታች፤ በግጭቱም 16 የኢርጉን ሰዎችና 3 የመንግሥት ወታደሮች ሞቱ። ቤጊን ግን ተከታዮቹ በወንድሞቻቸው ላይ በቀል እንዳያደርጉ ከለከለ። በጃንዋሪ 1952 ከጀርመን ካሣ መቀበል ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ጉዳይ ቤጊን በመሪር ቃል ተቃወመ፤ በዚያ ቀን የክኔሴት ሕንፃ በተቃዋሚዎች ድንጋይ ተደብድቧል፤ እርሱም ለሦስት ወራት ከክኔሴት ታገደ። ድምፅ ሲሰጥ ግን 61 ለ50 ሆነ፤ የተቃወሙት 50 በቤቱ ተገኝተው ተቃወሙ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1967 አገሩ በጦርነት ሥጋት ላይ በነበረ ጊዜ፣ ቤጊን ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ሌዊ ኤሽኮል ሄዶ፣ ቤን ጉሪዮን ተመልሶ አገሩን እንዲመራ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ አልተፈጸመም። ነገር ግን ቤጊን ከባላጋራው ጋር በብዙ ነገር ሳይስማማ፣ ባላጋራው እሥራኤልን እንደሚወድ አልተጠራጠረም ነበር።

ክርክርም ማብቂያ እንዳለው ሊቃውንቱ ያስተምሩናል። ራባን ጋምሊኤል የአዲሱን ጨረቃ ቀን በወሰነ ጊዜ ረቢ ዬሆሹዓ ስሕተት ነው ብሎ ነበር። ራባን ጋምሊኤልም፣ በአንተ ቁጥር ዮም ኪፑር በሚሆንበት ቀን በትርህንና ገንዘብህን ይዘህ ወደ እኔ ና ብሎ አዘዘው። ረቢ ዬሆሹዓ እጅግ ተጨነቀ፤ ቢሆንም ውሳኔውን ተቀብሎ ሄደ። ራባን ጋምሊኤልም ከመቀመጫው ተነሥቶ ራሱን ሳመው፤ በጥበብ መምህሬ፣ ቃሌን በመቀበልህ ደቀ መዝሙሬ ሲል አከበረው። ውሳኔው የጸናው ሁለቱ ስላደረጉት ነው፤ የተረታው ታዘዘ፤ የረታውም ተነሥቶ አከበረ። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ በእሥራኤል ሁለት የበዓል ቁጥር፣ ከዚያም ሁለት ሕዝብ በሆነ ነበር።

ከእጅ ወደ መሣሪያ ከሄደ ሰው ጋር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለእርሱ ሕግና ፖሊስ አለ። እኛ የምንናገረው ስለ እርሱ አይደለም። የምንናገረው በድምፅ መስጫው ወረቀት ከእኛ ስለሚለየው ጎረቤት፣ አማች፣ የሥራ ባልደረባና ልጅ ነው።

በቤታችንና በመንደራችን

በብዙ ቤቶች የሚታየውን እናስብ። ልጅ ከሠራዊት ለሻባት ወደ ቤት ይመጣል። በማዕድ ላይ ስለ ምርጫ ይነሣል፤ ልጁ ከአባቱ የተለየ ሐሳብ ይናገራል። አባት «ትላንት የተወለድክ፣ አንተ ምን ታውቃለህ?» ይለዋል። ልጅም ሳህኑን አቀርቅሮ ይበላና ወደ ክፍሉ ይገባል። አባት የተከበረ ይመስለዋል። ነገር ግን በሚመጣው ሻባት ልጁ ስለ አየሩና ስለ ምግቡ ብቻ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ይውላል። ከደርግ ዘመን ይዘነው የመጣነው ዝምታ በዚህ መንገድ ለልጃችን ተላለፈ። የአባትን ክብር የሚጠብቀው ኦሪት፣ ልጆቻችን በፋሲካ ሌሊት እንዲጠይቁን፣ እኛም እንድንመልስላቸው ያዘዘው ያው ኦሪት መሆኑን አንርሳ።

ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች በቤታችንና በመንደራችን ልንጠብቃቸው ይገባል።

1. ከመመለሳችን በፊት የሌላውን ሐሳብ በራሳችን ቃል እንናገረው፤ እርሱም «አዎን፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪለን እንጠብቅ። የሂሌል ቤት ሥርዓት ይህ ነው።

2. ለሐሳቡ እንጂ ለሰውየው ያለፈ ሕይወት፣ ለዘሩ፣ ለመጣበት አገር ወይም ለአለባበሱ መልስ አንስጥ። ረቢ ዮሐናን በአንድ ቃል ባልንጀራውን እንዳጣ እናስታውስ።

3. በተቆጣበት ሰዓት ሰውን ለማሳመን አንሞክር። ቁጣው እስኪበርድ መታገሥ የሊቃውንት ምክር ነው። ነገር ግን ዝምታው ሳምንታት እንዳይቆይ፤ ኦሪት ወንድምህን በልብህ አትጥላ ካለ በኋላ ወዲያው ገሥጸው ይላልና። በሆድ የተያዘ ነገር ይሻግታል።

4. የሚቃወመን ወገን በሌለበት ስለ እርሱ የሚነገረውን ሁሉ አንመን። የአንዱን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ አይባልም።

5. በፖለቲካ ምክንያት ሠርግ፣ ለቅሶና ማዕድ አናስቀር። የሂሌልና የሻማይ ቤቶች ከዚህ በከበደ ነገር ተለያይተው ተጋብተዋል።

6. በተጣላን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው እውነቱ ከእኔ ጋር ነው የሚለው ሰው ይሁን። ሙሴ እንዲህ አድርጓል። በሰውና በሰው መካከል ያለውን በደል፣ በዳዩ ባልንጀራውን ካላስታረቀ በስተቀር፣ ዮም ኪፑር ብቻውን እንደማያስተሰርየው ሚሽና ያስተምራል።

ውድ ወገኖቻችን፤ የጸሎት ሥርዓቱን ስትማሩ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ቆመን የምንጸልየውን የአሚዳን ጸሎት ስንጨርስ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ ከዚያም መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ እንሰግዳለን፤ በመጨረሻም ወደ ፊት ሰግደን ሰላምን እንለምናለን። ሰላምን ከመለመናችን በፊት ከቆምንበት ቦታ ጥቂት ወደ ኋላ እንድንል መታዘዛችን ያለ ትምህርት አይደለም። ስለምን በግራ እንጀምራለን? ተልሙድ ምክንያቱን ሲነግረን፣ ጸሎተኛው በእግዚአብሔር ፊት እንደ ቆመ ነውና ለእርሱ ግራ የሆነው፣ ፊት ለፊቱ ላለው ለእግዚአብሔር ቀኝ ነው ይላል።

በዚህ አገር የፖለቲካ ወገኖች «ቀኝ» እና «ግራ» ተብለው ይጠራሉ። ጎረቤታችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ በጠየቃችሁ ጊዜ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ፊቱን እዩት። ፊት ለፊታችሁ የቆመ ሰው ነው፤ ለእናንተ ግራ የሆነው ለእርሱ ቀኝ ነው። «በላ ልበልሃ» በሉት፤ እስኪጨርስም ስሙት።

በከፍታው ሰላምን የሚያደርግ አምላክ ለእኛና ለእሥራኤል ሕዝብ ሁሉ ሰላምን ይስጥ፤ አሜን።